ላሜን የባረክሁበት ሱባኤ

ሰው የልቡን ሰላም ሁልጊዜ ሌላ አገር የሚያስቀምጠው ለምን ይሆን? እኔ ሰላሙ ወረታ ላይ ጠፍቶበት እዚያው ወረታ ያገኘ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። የጉማራው ሰው «ነፍሴን ላሳርፍ» ብሎ ወደ ርብ ይሄዳል፤ የርቡ ሰው ለዚያው ጉዳይ ወደ ጉማራ ይመጣል። መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ስለ ነፍሳቸው እያሰቡ ስለሆነ የእግዜር ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣጡ ይተላለፋሉ። ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ይህ የነፍስ ጉዳይ ክረምት ላይ አይነሣም። ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲውጡት የፎገራ ሰው የሚፈልገው ከብቱን እንጂ ራሱን አይደለም። ራስን መፈለግ የሚጀመረው ውሃው ሸሽቶ፣ ጤፉ ተወቅቶ፣ ሆድ ጠገብ ሲል ነው።

የእኔም ሆድ ጠገብ ያለው በጥር ወር ነበር። ያን ጊዜ ወረታ መገናኛው ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያዩበት ዋርካ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ወንድም ወንድሙን፣ አማች አማቱን፣ ባለ ሽንብራው ባለ በሬውን ይከሳል፤ እኔ እጽፋለሁ። ቀን የጻፍሁትን ጠብ ማታ ለባለቤቴ ለውባለም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እተርክላታለሁ። እሷ ዝም ብላ ትሰማለች። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ዓመት ከኖርን በኋላ ቤቴ ውስጥ ጫጫታ እንደ በዛ ተሰማኝ።

መድኃኒቱ አልጠፋኝም። ጣራ ገዳም ወጥቼ ሰባት ቀን ሱባኤ እይዛለሁ፤ ቃል ሳልተነፍስ ራሴን እመረምራለሁ። የንስሐ አባቴ ሐሳቡን አልጠሉትም፤ «ዝምታውን ግን እዚያ ስትደርስ ጀምረው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከቤቴ ደጃፍ ካልጀመርሁ አልሁ። ገዳም ውስጥ ማንም ዝም ይላል፤ ቁም ነገሩ ገበያተኛ እያየ ወረታ መሀል ዝም ማለት አይደለም እንዴ? ስለዚህ እፊታቸው ስእለት ተሳልሁ። እሳቸውም «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» ብለው መቋሚያቸውን አዋሱኝ። በመንፈሳዊ ነገር ብዙም አልገፉም ስል በሆዴ ታዘብኋቸው።

በዋዜማው ለውባለም ስለ ዝምታ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረግሁላት። መሀል ላይ እሷም ስለ እህቷ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ «መልካም፣ መልካም» ብዬ ወደ ዝምታዬ ተመለስሁ።

ጧት ነጭ ኩታዬን አጣፋሁ፤ ትልቅ የእንጨት መስቀል አንገቴ ላይ አንጠለጠልሁ፤ መቋሚያውን ይዤ መስተዋት ፊት ቆምሁ። ሁለት ሳምንት ያልተላጨሁት ጢሜ አምሮብኛል። ራስን መመርመር የሚሉት ነገር እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ማን ነግሮኝ?

መገናኛው ላይ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘሁ። ረዳቱ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ። ቃል መተንፈስ ስለማልችል፣ ገዳሙ ተራራ ላይ ነው ለማለት ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርሁ። ረዳቱ ሰማዩን አየ፤ እኔን አየ፤ «እዚያ ድረስ እንኳ አንሄድም አባቴ» ብሎ በሩን ዘጋው። በእግሬ አዘገምሁ።

ፀሐይዋ ከረር ስትል ርብ ድልድይ ደረስሁና ጥላ ሥር አረፍ አልሁ። ከገዳሙ ግርጌ ወዳለው ገበያ የሚሄዱ ሰዎችም ተቀምጠዋል፤ ከነሱ መካከል ጌሾ የጫነች አህያ የምትነዳ፣ ምላሷ የተባ አንዲት ሴትዮ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ ገበሬ አንዲት ላም እየነዳ መጣ። ላሚቱ ጥቁር ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አለባት፤ ቀኝ ጆሮዋ ተሰንጥቋል። ያንን ጆሮ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ላሚቱ የእኔው ቦቃ፣ ለቤታችን ወተት የምትሰጥ ብቸኛዋ ጥገት ነበረች።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ነፍሴን ላድን ከወጣሁ ግማሽ ቀን ሳይሞላኝ ሌባ በረቴን ከፍቶ ጥገቴን ገበያ ሊያወጣት ነው። ደሜ ፈላ። አፌን ከፈትሁና ስእለቴ ትዝ ብሎኝ መልሼ ገጠምሁት።

ቦቃ ግን ስእለት የለባትም። እንዳየችኝ እምቧ ብላ መጣችና እጅጌዬን ትልስ ጀመር። ሰውየው ገመዱን እንደ ያዘ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና «እንስሳ እንኳ ጻድቅ ያውቃል» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የጌሾ ሻጯ ሥራ ነው። እኔ ላሚቱን ጠቁሜ ደረቴን መታሁ፤ የእኔ ናት ማለቴ ነው። እሷ «በልቤ ይዤ እጸልይላታለሁ ማለታቸው ነው» ብላ ተረጎመች። ሰውየውን ጠቁሜ ሁለት እጄን እንደ ታሰረ ሰው አጣመርሁ። «ከኃጢአት ማሰሪያ ትፈታለህ ይሉሃል» አለችው። በንዴት ገመዱን ለቀም ሳደርግ ሰዉ ሁሉ የባረክኋት መስሎት ተነሥቶ «አሜን» አለ።

በመጨረሻ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ አይደለሁም እንዴ? ስእለቴ የአፍ እንጂ የእጅ አይደለም። ወረቀትና ብዕር ከስልቻዬ አወጣሁና፣ በዚያ ንዴት ውስጥ እንኳ ደንቡን ሳላጓድል፣ «ይህች ግንባረ ቦቃ፣ ቀኝ ጆሮዋ ስንጥቅ ጥገት ላም የእኔ የወረታው ማመልከቻ ጸሐፊ ንብረት ስትሆን፣ የሚነዳት ሰው ሌባ ስለሆነ እንዲያዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁና ሰጠሁት። አዙሮ አየው፤ ገልብጦ አየው። ከመካከላቸው ፊደል የቆጠረ አንድም አልነበረም። ሰውየው ክታብ መስሎት ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ሳመው፤ አጣጥፎም በክር ከቦቃ አንገት ላይ አሰረው። ከዚያ ዳቦውን ገምሶ ግማሹን ለስንቄ ሰጠኝና፣ ጉልበቴን ስሞ ላሜን እየነዳ ሄደ። ዳቦው ጥሩ ነበር።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «ሌባ» የምትል አንዲት ቃል። ለምን አላወጣኋትም? እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው ብላችሁ ደስ ባለኝ። የፈራሁት ወረታን ነው፤ «ርብን እንኳ ሳይሻገር ለፈለፈ» መባልን ነው። ራሴን የመረመርሁት እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ሌላ ሰው ይመርምረው።

ገዳሙ እንደሚባለው ጸጥ ያለ ነው። ወይራው አለ፣ ወፉ አለ፣ ነፋሱ አለ፤ የእኔ ሰላም ብቻ የለም። «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ እጀምርና «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ከምትለው ዘንድ ስደርስ ወተቱ ትዝ ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያ ሰው ላም እንኳ ሰማይ ላይ መሆኗ ይታወቃል፤ የእኔዋ የት እንዳለች ማን ይንገረኝ? ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ሰባቱን ቀን ስለ ላም አሰብሁ። ሱባኤው ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ምን እንደ ታየኝ ጠየቁኝ። ላም አልኋቸው። «አመስግን ልጄ፤ ብዙ ሰው ከዚህ መጥቶ የሚያየው ራሱን ብቻ ነው» አሉኝ።

ስወርድ ውባለምን ከተራራው ግርጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እህቷ ዘንድ እያደረች አምስት ቀን ብትመላለስ፣ መነኮሳቱ ሱባኤ የያዘ ሰው አይጠራም እያሉ መልሰዋታል። «እንኳን ለዚህ አደረሰዎ» አለችኝ። ውባለም ሁልጊዜም አንቱ ነው የምትለኝ፤ የዚያን ቀኑ አንቱታ ግን ወጋኝ። ከዚያ ነገሩን ዘረዘረችው። ከገበያው ማዶ የምትኖረው እህቷ አራስ ናት፤ ጡቷ ደርቆ ሕፃኑ የላም ወተት ጠባቂ ሆኗል። በዋዜማው ቦቃን እናውሳት ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አንድ ጊዜ አይደለም ሁለት ጊዜ «መልካም» ብያለሁ። ሌባ ያልሁት ሰውየ ቢያድግልኝ ይባላል፤ የእህቷ ጎረቤት ነው፤ ለራሱ ጉዳይ ወረታ አድሮ ነበርና፣ እኔ ከቤት እንደ ወጣሁ ላሚቱን ሊያደርስላት መጥቶ ውባለም በእጇ ነው ያስረከበችው።

ቢያድግልኝ የዋህ ሰው ነው። ክታቡን በቆዳ ላሰፋው ብሎ በዚያው ገበያ ገባ። ከመሰፋቱ በፊትም የየትኛው መልአክ ጸሎት እንደሆነ ያነብለት ዘንድ ለአንድ ደብተራ ሰጠው። ደብተራው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት። የገበያው ዘበኞች እጁን የፊጥኝ አስረው፣ በገበያተኛው መሀል ነድተው ወስደው፣ ከሳሹ እስኪመጣ ብለው የእህል መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። ከሳሹ ደግሞ ከራሳቸው በላይ፣ ተራራው ላይ ሆኖ ሰላም ይፈልጋል። ውባለም ሄዳ፣ ላሚቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብትል፣ በወረቀት የተጻፈ በሴት አፍ አይሻርም አሏት። የቦቃን ወተት ሰባት ቀን ዘበኞቹ ጠጡት፤ ሕፃኑን ያቆየው የጎረቤት ፍየል ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ መጀመሪያ የጠየቅሁት ላሚቱ ደኅና መሆኗን ነው። ውባለም ከድንጋዩ ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ በእውነት አፈርሁ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ለጸሎት ብለምነው ያልመጣልኝ እንባ መጣ።

እየሮጥሁ ገበያው ሄጄ ቢያድግልኝን አስፈታሁት። አልተቆጣኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። «ታስሬ ያለፍሁት በገበያ መሀል ነው፤ ጌታዬ፣ በገበያ መሀል ይናገሩልኝ» አለኝ። የሴት ልጁ የሠርግ ቀን ተቆርጧል፤ በላም ሌባነት ስሙ ከቀረ ልጅቱን የሚያገባት የለም። ሳምንቱ ዞሮ ቀኑ እንደገና የገበያ ቀን ነበር። ከጨው ተራው አጠገብ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ሰባት ቀን የተጠራቀመ ድምፄን ለቀቅሁት። ይህ ሰው ንጹሕ ነው፣ ላሚቱን የሰጠነው እኛው ነን፣ ወረቀቱን በሐሰት የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ የሚታሰር ካለ እኔ ልታሰር አልሁ።

ሰዉ ገበያውን ትቶ ከበበኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገሩ ሊጠራ ነው ብዬ ተነፈስሁ። ያን ጊዜ ከጌሾው ተራ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ። «አያችሁ የጻድቅ ነገር» አለች ሴትዮዋ፤ «ያን ዕለት ከማሰሪያህ ትፈታለህ ብለውት አልነበረም? ይኸው የሌባውን ኃጢአት በራሳቸው ላይ አድርገው አስፈቱት።» ሴቶቹ እልል አሉ። ሰዉ መስቀሌን ሊሳለም ይጋፋ ጀመር። ኧረ እውነቴን ነው፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ ባልሁ ቁጥር «ትሕትናቸውን ተመልከቱ» ይባባላሉ። ቢያድግልኝን ደግሞ ገለል ብለው ነው የሚያዩት፤ «ምን ያህል ቢሰርቅ ነው ጻድቅ ከወረታ ድረስ በእግሩ የመጣለት?» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ከገበያው ስንወጣ የቢያድግልኝን ልጅ ለልጁ የጠየቀው ሰው መንገድ ላይ አገኘን። እኔን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ፤ ቢያድግልኝን እንዳላየ ሆኖ አለፈው። ተከትዬው ሄጄ እንደገና ላስረዳው ስነሣ ቢያድግልኝ በአንድ እጁ የቦቃን ገመድ እንደ ያዘ በሌላው ክንዴን ያዘኝ። «ተዉ ጌታዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ያን ጊዜ ዝም ባይሉ፣ ዛሬ ደግሞ ባይናገሩ፣ እኔ ሰው ነበርሁ።»