ራሱን የሾመው ዳይሬክተር

ካሜራ ፊቱ ስለቆመ ብቻ የሰው ንብረት ሁሉ የራሱ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም አንድ ቡድን ውስጥ ተመድቤ። ጅማ ኮሌጅ ስንማር መምህራችን የዘፈን ክሊፕ ከነፖስተሩ ሠርታችሁ አምጡ አለን። የቡድናችን አባል ናቲ በማግስቱ ጥቁር መነጽር አጥልቆ መጣና ራሱን ዳይሬክተር አድርጎ ሾመ። ከዚያ ወዲህ በስሙ ብትጠሩት አይሰማም።

ለቀረጻ ሰኮሩ ወደምትባል ከተማ ወረድን። አባ ጀማል የሚባሉ አዛውንት ደጃፋቸው ላይ ቡና አስጥተዋል። እዚህ ትንሽ እንቅረጽ ብንላቸው በደስታ ፈቀዱልን። ናቲ ግን ዘፋኛችንን ሐዊን፣ "ቡናውን በእፍኝ እየዘገንሽ ወደ ላይ በትኚው፤ በስሎው ሞሽን ያምራል" አላት። አሥር ጊዜ አስደገማት። ቡናው ዝናብ ባራሰው መሬት ላይ ተበትኖ ከጭቃ ጋር ተለወሰ።

አባ ጀማል ጎንበስ ብለው ጭቃ የለወሰውን ቡና በእጃቸው አፈሱ።

"ያ አላህ! ልጆቼ፣ የዓመት ልፋቴን ምን አደረጋችሁት?"

"አይዞዎት አባባ፣ ቡናዎን እያስተዋወቅንልዎት እኮ ነው!" አላቸው ናቲ። ካሜራውን ወደያዝኩት ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ "ፊታቸውን! ፊታቸውን ቅረጽ!" አለኝ።

ቀረጽኩ።

ፖስተራችን ላይ የወጣው ያ ፊት ነው። መምህራችን ክፍል ውስጥ አተኩሮ አየውና፣ "ሐዘኑ እንዴት እውነት ይመስላል! ይህን ተዋናይ ከየት አገኛችሁት?" አለ።

"ሦስት ቀን አለማምጃቸው ነው፣ ቲቸር" አለ ናቲ።

ኤ ተሰጠን። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።