ዋግ ስለመታት ጽጌረዳ የአራት ሰው ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡15
ቦታ፦ ከዶሮ ማነቂያ ሰፈር ከፍ ብሎ የሚገኘው ትምህርት ቤታችን፣ ቤተ ሙከራ። ቁልፉ ስላልተገኘ የዕፅዋት ክበብ ኮሚቴ በሩ ላይ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦
1. አቶ ነጋሽ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ አየለች፣ የወላጆች ተወካይ
3. መምህር መብራህቱ፣ የባዮሎጂ መምህር
4. ቃለአብ አባይነህ፣ 11ኛ ክፍል፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦
5. አይናዲስ፣ በፈቃድ (ቤት እየቀየረች ነው)
6. ካሚላ፣ በፈቃድ (ፈተና አለባት)
7. ሚኪያስ፣ ያለ ፈቃድ (ከበሩ ፊት ለፊት ማኪያቶ ሲጠጣ ታይቷል)
8. ሊያ አባይነህ፣ የጸሐፊው እህት፣ ባለፈው ነሐሴ ያረፈች

ምልዓተ ጉባኤ፦ የክበቡ ደንብ ከስምንት አባላት አምስቱ እንዲገኙ ያዛል። አቶ ነጋሽ ሊያ ከዝርዝሩ ብትወጣ አባላቱ ሰባት እንደሚሆኑ፣ ለሰባት ደግሞ አራት እንደሚበቃ አስልተው፣ «በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ የቀረችው ብለንም አንቸገርም» ብለዋል። ወ/ሮ አየለች ለጸሐፊው «ቅር እንዳይልህ የኔ ልጅ፣ ለቁጥሩ ነው» ብለውታል። ስሟ እንዲሰረዝ በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊው እየጻፈ ስለነበር እጁን አላወጣም።

አጀንዳ 1፦ የፕሮግራሙ ስም

ሊያ አምና ያቀረበችው ዕቅድ «የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ከዕፅዋት በሽታ ጋር ማስተዋወቅ» ይላል። ወ/ሮ አየለች ልጄን ከበሽታ ጋር አስተዋውቁልኝ ብለው እንዳላመለከቱ፣ በሽታ ሲፈልግ ራሱ መጥቶ እንደሚተዋወቅ ተናግረዋል። መምህር መብራህቱ ልጆቹ የሚያዩት ፈንገስ ቅጠል ላይ እንዴት እንደሚያድግ ብቻ ነው ሲሉ አብራርተዋል። ማብራሪያው ነገሩን አባብሶታል።

የዕቅዱ ዓላማ ይነበብ ተብሎ ጸሐፊው አንብቧል፦ «ልጆች የታመመ ነገር ሲያዩ እንዳይሸሹ»። አቶ ነጋሽ ዓላማው ቢያንስ አንድ ገጽ መሆን ነበረበት ብለዋል። ረዘም ካለ ውይይት በኋላ «በሽታ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ዕፅዋት አልፎ አልፎ የሚሰማቸው ቅሬታ» እንዲባል ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ጽጌረዳዋ

ሊያ ከቤት ቆርጣ አምጥታ በዘይት ቆርቆሮ የተከለቻት ጽጌረዳ ዋግ መትቷታል። የሦስተኛ ክፍሉ ያቤፅ ተጠርቶ ቅጠሏን ገልብጦ ያሳየ ሲሆን ጣቱ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ቀርቷል። መምህር መብራህቱ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አረጋግጠዋል። ወ/ሮ አየለች ይኸው ማረጋገጫ በማኅተም እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። ማኅተሙ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቆልፎበታል።

አቶ ነጋሽ ዓርብ እንግዶች ስለሚመጡ በግቢው ውስጥ የታመመ ነገር መታየት የለበትም ብለዋል። ያቤፅ ሳይጠየቅ «ሊያ እኮ የታመመውን ቅጠል ልቀሙ ነው ያለችን፤ ንቀሏት አላለችም» በማለቱ፣ ድምፅ እንደሌለው ተነግሮታል። ጽጌረዳዋ ነገ ጠዋት ተነቅላ እንድትጣል በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

ጸሐፊው እስክሪብቶ ለመቀየር አምስት ደቂቃ ጠይቆ ተፈቅዶለታል።

አጀንዳ 3፦ ምትክ

አቶ ነጋሽ ከፒያሳ የፕላስቲክ ጽጌረዳ እንዲገዛ ሐሳብ አቅርበዋል። መምህር መብራህቱ ፕላስቲክ አይታመምም ሲሉ፣ ሰብሳቢው ፕላስቲክ የተመረጠውም ለዚሁ ነው ብለዋል። ለልጆቹ ማስተማሪያ ግን በማርከር ነጠብጣብ ሊደረግበት ይችላል። ስለ ቀለሙ ሃያ አምስት ደቂቃ ተከራክረዋል። ወ/ሮ አየለች ቀዩ ኩፍኝ ያስመስላል በማለት፣ ሰብሳቢው ብርቱካናማ ከሩቅ ይታያል በማለት ተቃውመዋል። በመጨረሻ በአረንጓዴው ቅጠል ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ እንዲደረግ ተወስኗል። መምህር መብራህቱ ምን ብለው እንደሚያስተምሩ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተይዟል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው እጁን አውጥቶ የደንቡን አንቀጽ 6 አንብቧል፦ «አባል የሚሰረዘው ምልዓተ ጉባኤ በተሟላበት ስብሰባ ብቻ ነው።» አያይዞም ሊያ ስትሰረዝ አባላቱ ገና ስምንት፣ የተገኙት ደግሞ አራት ስለነበሩ፣ ስሟ እንዳልተሰረዘ፣ ስብሰባውም እንዳልተሟላ አመልክቷል።

መምህር መብራህቱ በጣታቸው ቆጥረው ትክክል ነው ብለዋል። አቶ ነጋሽም ቆጥረዋል። ከዚያም «ይህንን ስንጀምር ለምን አልተናገርክም?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጸሐፊው ያን ጊዜ ስሟን እየሰረዘ እንደነበር መልሷል።

በዚህም መሠረት ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ተወስኗል። ስሙ «በሽታ» እንዳለ ይቆያል፤ ፕላስቲኩ አይገዛም፤ ጽጌረዳዋ አትነቀልም። መምህር መብራህቱ ይህኛውንም የወሰንነው አራት ሆነን አይደለም ወይ ብለው ሲጠይቁ ሰብሳቢው ቦርሳቸውን አንስተዋል። ስብሰባው 11፡20 ላይ ተበትኗል።

የዝርዝር እርማት፦ ተራ ቁጥር 8፣ ሊያ አባይነህ፣ አባል፣ አልተገኘችም። ጸሐፊው ቀጥሎ ምን እንደሚሞላ ሲያስብ፣ ወ/ሮ አየለች ከደረጃው ተመልሰው «በፈቃድ በለው፣ ልጄ» ብለዋል። ተሞልቷል።