የኅዳር ጭስና የሙሽራው ሱፍ

(ካዛንቺስ፣ የኅዳር ሚካኤል ለት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ነገ የሚሞሸረው ሔኖክ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ግቢው መሃል ከተከመረ ቆሻሻ ፊት ቆሟል። ጎረቤቱና ጓደኛው ሙሐሲን፣ የዳቦ ቤት ጋጋሪው፣ እርጥብ ነጭ ሱፍ ታቅፏል።)

ሔኖክ፦ አስጣው አልኩህ፣ አስጣው!

ሙሐሲን፦ አሁን አይሰጣም አልኩህ፣ አይሰጣም!

ሔኖክ፦ ስማ፣ ነገ የሚያገባው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ሙሐሲን፦ አንተ። ማኪያቶ የደፋህበትም አንተ። ሳጥበው ያመሸሁት ግን እኔ ነኝ።

ሔኖክ፦ እኮ ይድረቃ! ዳናይት ነጭ ካልለበስክ ከጎንህ አልቆምም ብላለች። ዘመዶቿ በሙሉ ከመቀሌ መጥተዋል፣ ታውቃለህ?

ሙሐሲን፦ አውቃለሁ። ግን ዛሬ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። ከባምቢስ እስከ ሜክሲኮ ሰዉ ሁሉ ቆሻሻውን ሊያቃጥል ክብሪት ይዞ ቆሟል። አንተ ራስህ ይዘሃል!

ሔኖክ፦ ወግ ነዋ! በሽታ ይጠፋል።

ሙሐሲን፦ በሽታውስ ይጥፋ። ሱፉ እንዳይጠፋ ነው።

ሔኖክ፦ ቆይ፣ ጭስ ምን ያደርጋል?

ሙሐሲን፦ ያስላል።

ሔኖክ፦ ኧረ ወዴት ይሄዳል ማለቴ ነው!

ሙሐሲን፦ በዚህ ሰዓት? የትም።

ሔኖክ፦ ወደ ላይ! ሙቅ ነገር ይወጣል፣ በቃ። እኔ እኮ ስለ አየር የሦስት ቀን ወርክሾፕ ወስጃለሁ፣ ሰርተፍኬት አለኝ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ይወርዳል።

ሙሐሲን፦ ሱሉልታ ምን አጠፋች?

ሔኖክ፦ አይገባህም እኮ!

ሙሐሲን፦ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዙሪያዋ ተራራ ነው። በዚህ እንጦጦ፣ በዚያ የረር፣ ወዲህ ፉሪ፣ ወዲያ ወጨጫ። እኛ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነን።

ሔኖክ፦ ሳይንስ ስነግረው ሳህን ይለኛል!

ሙሐሲን፦ እኔ የዳቦ ቤቱን ጭስ ማውጫ በየጠዋቱ ነው የማየው። ክረምት ላይ ዝናቡ ያጥበዋል። መጋቢት ላይ ነፋሱ ይወስደዋል። ኅዳር ሲገባ ግን ሌሊቱ ቁር ነው፣ ጭሱ ትንሽ ወጣ ይልና ይተኛል። ከቃሊቲ ፋብሪካዎች የሚመጣውም እንደዚያው። ፀሐይ እስክትሞቅ፣ እስከ አራት ሰዓት አይነሳም።

ሔኖክ፦ (እየሳቀ) ጭስ ተኛ? ብርድ ልብስ ደርብለት!

ሙሐሲን፦ ብርድ ልብሱማ ከላይ አለለት። ጭስ ማውጫውን ልጠርግ ጣሪያ ላይ ስወጣ ይሞቀኛል፣ ስወርድ ይበርደኛል።

ሔኖክ፦ ሰው ከፍ ሲል ይበርደዋል እንጂ ይሞቀዋል እንዴ? እንጦጦ ወጥተህ አታውቅም?

ሙሐሲን፦ አውቃለሁ። የኅዳር ጠዋት ግን ግልብጥ ነው።

ሔኖክ፦ የተገለበጠው ያንተ ጭንቅላት ነው! ሂድ፣ ፎቁ ላይ ካለው ገመድ አስጣው።

ሙሐሲን፦ እሺ። ሸሚዙን እንኳ አውልቀው። የሰርግ ሸሚዝ ተለብሶ እሳት ፊት ይቆማል?

ሔኖክ፦ አንገቱ እንዲላመደኝ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ነው ስልህ!

(ሙሐሲን ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። ሔኖክ ክብሪት ይጭራል። አሮጌ ፍራሽና የተቀደደ ጫማ መንደድ ይጀምራል።)

ሔኖክ፦ ይኸው! ሙሐሲን፣ ወጣ! ወጣ!... ቆመ። ለምን ቆመ?... ኧረ ተመለሰ! (ያስላል)

ሙሐሲን፦ (አፍንጫውን በፎጣ ሸፍኖ ይመለሳል) ሱሉልታ ደረሰ?

ሔኖክ፦ (ዓይኑን እያሸ) ገና... ገና ስለጀመረ ነው!

ሙሐሲን፦ ጎረቤታችን እትዬ ወይኒም ለኩሰዋል። የሳቸውም እኛ ጋ መጥቷል።

ሔኖክ፦ ሱፌ! በሚካኤል፣ ፎቁም አይታይም እኮ!

(ጭሱ ትንሽ ገለጥ ይላል። ገመዱ ላይ አንድ ጥቁርቁር ያለ ልብስ ይወዛወዛል።)

ሔኖክ፦ አለቀልኝ! አመድ መስሏል! አማቴ ምን ይሉኛል? ሙሐሲን፣ ምነው በግድ በከለከልከኝ!

ሙሐሲን፦ ሰርተፍኬት ያለውን ሰው ማን ይከለክላል?

ሔኖክ፦ አትቀልድ፣ ልቤ ሊቆም ነው! ሙሽራ ነኝ ብዬ ከሰል ነጋዴ መስዬ ልግባ?

ሙሐሲን፦ አትጩህ። የተሰጣው የኔ ጋዋን ነው።

ሔኖክ፦ ምን?

ሙሐሲን፦ የዳቦ ቤቱ ጋዋኔ። ሱፉን ዳቦ ቤት ወስጄ ከምድጃው ጀርባ ሰቅዬዋለሁ። ዱቄት ቢነካውም ነጭ በነጭ ነው። እስከ ምሳ ይደርቃል።

ሔኖክ፦ (ሊያቅፈው እጁን ዘርግቶ) የኔ ወንድም! እኔ ነኝ ደደቡ፣ እኔ!

ሙሐሲን፦ (ወደ ኋላ እያፈገፈገ) ወላሂ፣ እንዳትነካኝ!

ሔኖክ፦ ምነው? ተረፍን እኮ! ሱፉ ንጹሕ ነው!

ሙሐሲን፦ ሱፉማ ንጹሕ ነው። ሸሚዙስ?

ሔኖክ፦ የቱ ሸሚዝ?

(ሁለቱም የሔኖክን ደረት ያያሉ። ነጩ ሸሚዝ በጥላሸት ጠቁሯል።)

ሙሐሲን፦ በል አውልቀው፣ አጥበዋለሁ። የት እንደማሰጣው ግን እንዳትነግረኝ!