ብረት ሲበርድ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። በሽምግልና ይባላል፣ በሰርግ ይባላል፣ ስብሰባማ ይህ ሳይባል አይበተንም። ስለ መቀዝቀዙ ግን አንድም ሰው ሲተርት አልሰማሁም። እኔ ፀዳ ከተማ ላይ የብየዳ ቤት ያለኝ ሴት ነኝና እመኑኝ፤ ጠንካራ ብረት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሲበርድ ነው።

የበርና የመስኮት ብረት ገራም ነው፤ እንደፈለጋችሁ ብትበይዱት ይችላል። አመለኛው ጠንካራው ነው። ውስጡ እንደ ጤፍ በደቀቀ ቅንጣት የተሞላ ነው። የብየዳው እሳት ሲነካው ስፌቱ፣ ማለትም የተበየደበት መስመር፣ ዳር ያለው ቅንጣት ያብጣል፤ በድንገት ከቀዘቀዘ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ስለዚህ አስቀድሜ አሞቀዋለሁ፤ ከበየድኩት በኋላ አመድ ውስጥ ቀብሬ ቀስ ብሎ እንዲበርድ እተወዋለሁ። ይህን የተማርኩት ቴክኒክና ሙያ ነው። ያመንኩት ግን ሁለት ሥራ ከተሰበረብኝ በኋላ ነው።

አያ አስማረ በትራክተር ከአምባ ጊዮርጊስ ስንዴ ያወርዳሉ። በገበያ ቀን ስንዴው ላይ ሰው ይጭናሉ። አንድ ጠዋት ተሳቢውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ብረት ተሰንጥቆባቸው ይዘውልኝ መጡ። በየድኩትና አመድ ውስጥ ቀበርኩት።

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ብረት ነው ወይስ አራስ፣ እንዲህ የምታለብሽው?» አሉ። በር ላይ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ስልክ ላነሳ ወጣ ከማለቴ፣ አያ አስማረ ብረቱን ከአመዱ አውጥተው አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሱበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ስመለስ እንፋሎቱ ጣሪያ ደርሷል።

«ይኸው በረደ፤ ልሂድ» አሉ።

«አይሄዱም።»

«ስፌቱ ሸጋ አይደል?»

ስፌቱስ ሸጋ ነበር።

«ነገ ስንዴው ላይ ማን ይቀመጣል?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ አለች። ጎረቤቶችም አሉ።»

ብረቱን አጥብቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አስሬ ትልቁን መዶሻ አነሳሁ። አልዋሻችሁም፣ ፈርቼ ነበር፤ ካልተሰበረ የሰፈሩ መሳቂያ መሆኔ ነው። በሁለተኛው ምት ቀጭ አለ። ስፌቱ አልተነካም፤ የተሰበረው አጠገቡ ነው።

«ንብረቴን ሰበርሽብኝ» አሉ፣ ፊታቸው ጠቁሮ። ከዚያ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ሰው ጭኜ ቁልቁለቱ ላይ ቢሰበር ኖሮስ?» አሉ።

የደረቀውን ቆርጬ ጥዬ፣ በምትኩ ተመሳሳይ ብረት አስገብቼ፣ አሙቄ በየድኩና ቀበርኩት። በዚህኛው ጊዜ አያ አስማረ ራሳቸው አመዱ አጠገብ ተቀምጠው እስከ ማታ ጠበቁት፤ ሰው ሲጠጋ በእጃቸው ይመልሱ ነበር። በማግስቱ ባለቤታቸውም ጎረቤቶቹም በሰላም ወረዱ።

ዛሬ አያ አስማረ ከደንበኞቼ ሁሉ ታማኙ ናቸው። ከማክሰኝት ሳይቀር ሹፌር እየላኩልኝ፣ አንዳንዴም አብረው መጥተው በራፌ ላይ ቁጭ ይሉና «ብረት የሚሰበረው ስፌቱ ዳር ነው፤ ቅንጣቱ ያብጣል» እያሉ ያስረዳሉ። የሚሰሟቸው ወንዶች በአዎንታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለዓመታት እኔ ስለው የሴት ስጋት ነበር፤ እሳቸው ሲሉት ዕውቀት ሆነ።

ባለፈው አንዱ ሹፌር ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ አንቺም ከእሳቸው ነው የተማርሽው?» አለኝ።

አዎ አልኩት። እስከ ማታ ለመጠበቅ ከተስማማ ደንበኛ ጋር ምን ያከራክረኛል?