ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሞት የተወው ኮምፒውተር

ሐሙስ ጥር 16 ቀን 2011 ዓ.ም. የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የኮምፒውተር ጉዳይ ኮሚቴ መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት ተሰበሰበ።

የተገኙ፦ አቶ ረዳኢ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ለተመድህን (ንብረት ክፍል)፣ ወ/ት ሳሊሃ (ፕሮግራመር)፣ ማቲያስ (ጸሐፊ)። አቶ ከፋለ ራሳቸው ባይኖሩም የሚለብሱት ኮት ወንበራቸው ላይ ስለተገኘ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ኮምፒውተሩ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን ይሞታል?

ወ/ት ሳሊሃ ጥፋቱን ማግኘቷን አስረዳች። ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚጋሩት፣ ላይብረሪ የሚባለው የጋራ ኮድ፣ አንድ ሸሚዝ በተመዘገበ ቁጥር ሜሞሪ ይወስዳል፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን አይለቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜሞሪው ያልቅና ማሽኑ ድርቅ ይላል።

ወ/ሮ ለተመድህን ላይብረሪው ንብረቱን ሲወስድ የንብረት ወጪ ደረሰኙ ሞዴል 22 ላይ ፈርሞ እንደሆነ ጠየቁ። አለመፈረሙ ሲነገራቸው ከደመወዙ ይቆረጥ አሉ። ደመወዝ እንደሌለው ሲነገራቸውም በነጻ የሚሠራ ድሮም አይታመንም ሲሉ ተቃውሟቸውን አስመዘገቡ።

ወ/ት ሳሊሃ ላይብረሪው የወሰደውን እንዲለቅ የሚያዝ አንድ መስመር መጨመሯን ገለጸች። ከረጅም ውይይት በኋላ ጥገናው በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ኮቱ) ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የወ/ት ሳሊሃ ፈቃድ

የሞተውን ማሽን የምታስነሳው እሷ ብቻ በመሆኗ ለገዛ ሠርጓ ደሴ እንዳትሄድ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። ሠርጉ እሁድ ነው። "ወላሂ፣ እኔ ሳልኖር ልትድሩኝ ነው?" ስትል ሰብሳቢው "በሊ ጓለይ፣ ኪዲ" ብለው እንድትሄድ ፈረሙላት። ቀለሙ ሳይደርቅ ወጥታለች።

አጀንዳ 3፦ ስብሰባውን ስለ መዝጋት

በፋብሪካው ልማድ ስብሰባ የሚዘጋውም፣ ሻይ የሚመጣውም ኮምፒውተሩ ሲሞት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልሞተም። አሥር ሰዓትም አልሞተም። ሰብሳቢው "ሻዩስ?" ሲሉ በምሬት ጠየቁ። ወ/ሮ ለተመድህን ማሽኑ ኮሚቴውን አግቷል አሉ።

ጥፋቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ኮቱም አልተቃወመም። ነገር ግን መመለስ የሚችል ሰው ጠፋ። ወ/ት ሳሊሃ በስልክ ስትጠየቅ በደሴ መንገድ ላይ ያለችውን ኲሓን ማለፏን ገልጻ፣ እየሳቀች፣ "አብሽሩ፣ ደሴ ኑና አሳያችኋለሁ። ለክርስቲያኑም ለብቻ ይታረዳል" አለች።

ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ የሳሊሃ ፈቃድ ጭምር፣ ተሽሯል። የመሻሪያውን ደብዳቤ በእጇ ለመስጠት ኮሚቴው በሙሉ እሁድ ሠርጉ ላይ በመስክ ሥራ እንዲገኝ፣ ደብዳቤውም ከኒካሑ በፊት ከኪስ እንዳይወጣ ተወስኗል።

ጸሐፊው በዚህ እጅግ ደስ ብሎታል፤ ይህም እንዲመዘገብ ራሱ ጠይቆ ራሱ ፈቅዷል።

ስብሰባው ማሽኑ በሕይወት እያለ በ11 ሰዓት ተዘጋ።