ጭኮ በፍልሰታ

የሥራ ጉዞ የሚባለውን ነገር ሰው ለምን እንደሚያከብረው አላውቅም። አንድ ሰው «ትናንት ዳላስ ነበርኩ፣ ዛሬ ቺካጎ ነኝ፣ ነገ ደግሞ…» እያለ ሲያማርር ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ማማረሩ ውስጥ ትንሽ ኩራት አለች። ደከመኝ ይላል እንጂ ባልሄድኩ አይልም። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዞ ስለሄድኩ ተራዬን ላማርር። በአንድ ቀን ሦስት ከተማ! አውሮራ፣ ዴንቨር፣ እንግልውድ። አገሩን የምታውቁ አሁን እየሳቃችሁ ነው። አዎ፣ ሦስቱ ከተሞች እንደ አንድ ቤት ክፍሎች የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር እዚህ የተወለዱትም ይከራከሩበታል። መኪና ለሌለውና ጭኮ ለተሸከመ ሰው ግን ሦስት ከተማ ሦስት ከተማ ነው።

አሰላ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ እናቴ ዘንድ የመጣሁበት የመጀመሪያው ክረምት ነበር። አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለ አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ አብረን እንኖር ነበር። አብረን ስል ትንሽ ማጋነን አለበት፤ እማዬ ሳምንቱን ሙሉ አረጋውያን ስትጦር ትውላለች፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ተጨማሪ ሺፍት አላት። ስድስት ዓመት ተለያይተን ከርመን የምንገናኘው በር ላይ ነበር፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ስትወጣ። «ምሳሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው» ትለኛለች። «እሺ» እላታለሁ። የእናትና የልጅ ጨዋታችን ይኸው ነበር።

በኋላ እማዬ መላ አገኘች። የአርሲ ሴት ናትና ጭኮ ታውቅበታለች። ጭኮ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅመም በተነጠረ ቅቤ የሚታሽ የመንገድ ስንቅ ነው። ሦስት የሐበሻ ሱቆች ከተቀበሏት የቅዳሜና የእሁዱን ሺፍት ልትተው አሰበች። «ያኔ ቤት እውላለሁ፤ እንደልባችን እናወራለን» አለችኝ። እኔ እንኳ ወሬ አልችልም፤ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ቢሆንም እሷ ቤት እንድትውልልኝ ከምንም በላይ እፈልግ ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ኦፍ አገኘችና ሦስቱንም ባለሱቆች ለዚያው ቀን ቀጠረች። በጠዋት የምትጎተተውን የገበያ ጋሪያችንን በጭኮ ሞልተን ወጣን።

የመጀመሪያው ሱቅ እዚያው ሰፈራችን ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ በደስታ ተቀበሉን፣ ማንኪያ አመጡ፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ አሸተቱ። ማንኪያዋ አፋቸው ደርሳ ቆመች።

«ቅቤ አለው እንዴ?»

«እንዴታ ጋሼ! ንጹሕ የተነጠረ!» አለች እማዬ፣ ደረቷን ነፍታ።

«ፍልሰታ ነው እኮ፣ እህቴ።»

እኛ ጴንጤዎች ነን። እማዬ ቀን የምትቆጥረው በሺፍት ነው። በዓመት አንዴ የምታገኘውን ኦፍ ሕፃን እንኳ ሳይቀር በሚጾመው ጾም መሀል እንደጣለችው ያወቀችው ያኔ፣ የጋሽ ታደሰን ማንኪያ እያየች ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን አፍስሰን እንኳ የሚለቅምልን አልነበረም።

«እንመለስ ይሆን?» አልኳት ውጪ ስንወጣ።

«ሌላ ኦፍ ማን ሊሰጠኝ? ደግሞ ሁሉ ሰው አይጾምም።»

ሁለተኛዋ ባለሱቅ፣ ዴንቨር ኢስት ኮልፋክስ ላይ ያለችው ሔለን፣ ትጾማለች። ወጣት ናት፣ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች፤ እማዬ ጥፍሯን አይታ ተስፋ አድርጋ ነበር።

«ቅቤው እኮ ትንሽ ነው» አለቻት።

ሔለን ሳቀች። «ትንሽ ቅቤ ትንሽ ኃጢአት ነው ማለትሽ ነው? በዘይት የተሠራ የለሽም?»

«ጭኮ በዘይት!» አለች እማዬ። እናቷን የሰደቡባት ነበር የምትመስለው።

በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ ስንሄድ ሙቀቱ በረታና ቅቤው ማላብ ጀመረ። ሽታው አውቶቡሱን ሞላው። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ፈረንጅ አንገቱን አስግጎ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው፣ የት ነው የሚሸጠው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ።

«የትም» አለችው እማዬ።

ከዚያ ባቡር። ከባቡሩ በኋላ ደግሞ አንደኛው ጎማ እየተንቋቋ ጋሪ መጎተት። እንግልውድ ስንደርስ ሁለታችንም አኩርፈናል፤ ማን ላይ እንዳኮረፍን ግን አናውቅም። የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘነበች ትልቅ ሴት ናቸው፤ የአንገታቸው ማተብ ከበሩ ላይ ይታያል። እማዬ ማተቡን አየችና ዕቃውን እንኳ ሳታወጣ «ቅቤ አለው» አለች፣ ጥፋቷን እንደምታምን ሰው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ ያልቀመስኩትን ለሰው አልሸጥም። ጾሜን ደግሞ ለጭኮ አልሸጥም።»

«እኔ ልንገርዎ፣ እትዬ። ጣዕሙ…»

«አንቺማ የሠራሽው ነሽ፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።» ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «ይቺ ልጅ አትጾምም አይደል? እሷ ትቅመስና ትንገረኝ።»

እማዬ እጆቿን አጣምራ ዓይኗን ጣለችብኝ፤ ሁለቱ ቅዳሜና እሁድ የሚባሉት ቀኖች ምላሴ ላይ ተቀምጠዋል። ቀመስኩ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩማ ውሃም ጥሩ ነው። ንገሪኝ እንጂ!»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሰው ካልታየኝ ይሻለኛል። «መጀመሪያ ገብሱ ነው የሚመጣው» አልኩ። «በደንብ ተቆልቷል፣ ግን አላረረም። ጥርስ ላይ ትንሽ ሻከር ይልና… ከዚያ ቅቤው ቀስ ብሎ ይመጣል። ምላስ ላይ ሲሟሟ ኮረሪማው ወደ አፍንጫ ይወጣል። ሲውጡት ደግሞ አያልቅም፤ አፍ ውስጥ ይቆያል።»

ዓይኔን ስገልጥ እትዬ ዘነበች ምራቃቸውን ዋጡ።

«በይ በቃሽ! ጾሜን በጆሮዬ ልታስገድፊኝ ነው!» አሉ። ቀጥለውም እንደ ነጋዴ ኮስተር ብለው፣ «ሳይበላሽ ይቆያል?» ብለው ጠየቁ።

«ይቆያል» አልኩ። አፌ አንዴ ተከፍቷል። «እናቴ ወደዚህ ስትመጣ አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ ሠርታ ትታልኝ ነበር። እንዳያልቅብኝ በማንኪያ ጫፍ በማንኪያ ጫፍ እበላው ነበር። ብዙ ወር ቆየ። አልተበላሸም።»

ይህን ለእማዬ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የት እንነጋገራለን፣ በር ላይ? ዞር ስል ፊቷን ወደ በርበሬው መደርደሪያ አዙራ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወጥ ስትሠራበት የኖረችውን በርበሬ እንደማታውቅ ሰው፣ ላስቲኩን እያገላበጠች ታነባለች።

«ጾሙ በተፈታ ማግስት አምጡልኝ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅቷንም ይዘሻት ነይ።»

ጾሙ ሲፈታ ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ደወሉ። ሔለንም ትወስዳለች፤ የዘይቱን መጠየቅ ግን እስከ ዛሬ አልተወችም። መኪና ስለገዛን ሦስቱን ከተማ ከምሳ በፊት አዳርሰን እንመለሳለን፤ እማዬ ፓርክ ታደርጋለች፣ እኔ አስገብቼ እወጣለሁ፤ ግቡ የሚለን የለም፣ አሽትቶ የሚጠይቀን የለም። ያን ቀን የረገምኩት አውቶቡስ አሁን በአጠገባችን ሲያልፍ አንገቴ አብሮት ይዞራል። ከእማዬ ጋር ጠዋት ወጥተን አመሻሽ ላይ የተመለስንበት የመጀመሪያው ቀን ነበራ።

ቅዳሜና እሁድ እንዳለችውም ቤት ናት። ቤት ናት ስል ግን ገብስ ስትቆላ፣ ቅቤ ስታነጥር፣ ስታሽ ነው የምትውለው። እኔ ከጎኗ እቆማለሁ። በማንኪያ ታጎርሰኝና ትጠብቃለች።

«ጥሩ ነው» እላታለሁ።

«ጥሩ ነው ምንድን ነው? እንደ ሰው ንገሪኝ እንጂ!»

እንግዲህ እናወራለን ያለችው ይህን ከነበረ፣ እያወራን ነው።