ማህተም ላመጣ ገብቼ የሞትኩበት የእሳት ልምምድ

እናንተዬ፣ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞቻለሁ።

ቀልድ አይደለም። ሪፖርት ላይ ሰፍሯል፤ «ሟች፦ አንድ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ»። የአደጋ መከላከል ባለሙያው ሲጽፈው አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

አሁን ሰንጋ ተራ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ እኔ ብቻ ወደፊት ወደኋላ እላለሁ። ከፊቴ ያሉት እናት «ልጄ፣ ሽንትሽ መጥቶ ከሆነ ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ» አሉኝ።

ሽንት ቢሆን ምን ነበረበት።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልደታ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው። ዘንድሮ ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ሙሉ «ኮሙኒኬሽን ፎካል ፐርሰን» የሚል ማዕረግ ጨመሩልኝ። ደሞዝ አልጨመሩልኝም።

ሥራው ምንድን ነው? ስለ ግንባታው፣ ስለ በጀቱ፣ ስለ ደህንነቱ ሠራተኛው በሙሉ እንዲያውቅ ማድረግ። ማሳወቅ ብቻ! ሰው በዚህ ይወድቃል?

ድሮ ማስታወቂያ ሲኖር አትሜ፣ መዝገብ ይዤ ክፍል ለክፍል እዞር ነበር። መምህሩም፣ ጽዳቷም፣ ጥበቃውም አንብቦ ይፈርማል። ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዱ «ቆይ ላንብበው» ይልሻል፣ አንዱ እስክሪብቶሽን ይዞ ይቀራል።

የማስታወቂያ ሰሌዳም ነበረን። አዲሱን ሕንፃ የሚሠሩት ግንበኞች ወስደው ሲሚንቶ አቦኩበት።

ታዲያ እኔ ዘመናዊቷ ምን አልኩ? «ቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት!» ወይዘሮ ሙሉም ወደዱት። መዝገቡን ከማህተሙ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና ተገላገልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ግሩፑ ላይ አንድ ረጅም ማስታወቂያ ለቀቅኩ። መጀመሪያ ግንባታው፦ የፊት በር እስከ ክረምት ዝግ ስለሆነ መግቢያም መውጫም በኋላ በር ነው። ቀጥሎ በጀት፦ የትራንስፖርት አበል ቀርቷል፤ ከሁለቱ ጥበቃዎችም አንዱ በሰኔ ይቀነሳል፣ ማን እንደሚቀነስ በሥራ አፈጻጸም ይታያል። መጨረሻ ላይ የእሳት ልምምድ፦ ማክሰኞ አራት ሰዓት ደወል ሦስት ጊዜ ሲመታ ሁሉም ተማሪውን ይዞ በኋላ በር ይወጣል፣ የአደጋ መከላከል ባለሙያዎች መጥተው ያያሉ።

አበል ቀረ ካላችሁ በኋላ የሚቀጥለውን ማን ያነባል?

ግሩፑ ተናወጠ። የሒሳብ መምህራችን ዳዊት የሰባት ደቂቃ ቮይስ ላከ። እኔ ግን ማስታወቂያዬ ሥር የተደረደሩትን አውራ ጣቶች ቆጠርኩና፣ አርባ ሲሞሉልኝ «ሁሉም አንብቧል» ብዬ ስልኬን ዘጋሁ።

አውራ ጣት ያላደረገ አንድ ሰው ነበር። ጋሽ ሽብሩ። የቀን ጥበቃችን። የኋላ በር ቁልፍ ባለቤት።

ስልካቸው የድሮዋ ባለ በተን ናት፣ ባትሪዋ በላስቲክ ታስራ ነው የምትሠራው። ቴሌግራም ከየት ይመጣል? «በቃል እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ሐሙስ አልኩ። ዓርብ አልኩ። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ «እንዴት አደርሽ ሮዚዬ» አሉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ሽብሩ» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በላይ አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ደወሉ ሦስት ጊዜ ተመታ።

መምህር ዳዊት የሻይ ሰዓት መስሎት ብርጭቆ ይዞ ወጣ። ሌሎቹ መምህራን ልጆቹ ሲሮጡ አይተው ሮጡ። ትንሽ ቆይቶ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የኋላ በር ላይ ተከማቸ። በሩ ተቆልፏል። ጋሽ ሽብሩ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ፊቱ ቆመዋል።

«ጋሽ ሽብሩ ይክፈቱ፣ እሳት ነው!»

«ጭሱ የታለ?»

እውነታቸውን እኮ ነው። ባለፈው ወር የስምንተኛ ክፍል ልጆች «እሳት» ብለው አስከፍተዋቸው ሳምቡሳ ሊገዙ ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ደብዳቤ ጽፌ፣ አስፈርሜ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጋሽ ሽብሩ ደብዳቤ አይጥሉም። የተጻፈላቸውን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ካፖርታቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት። አወጡት። መነጽራቸውን አደረጉ። በተማሪው ፊት፣ በሁለቱ ባለሙያዎች ፊት፣ ማዶ ሥራቸውን አቁመው በሚያዩን የአዲሱ ሕንፃ በያጆች ፊት አነበቡት።

«ከመግቢያና ከመውጫ ሰዓት ውጭ፣ ማህተም ያረፈበት የጽሑፍ ፈቃድ ካልቀረበ በስተቀር፣ ማንም ምንም ቢል በሩ እንዳይከፈት በጥብቅ እናሳስባለን።»

«ማንም ምንም ቢል» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ኮርቼባት ነበር።

ከአንዷ ተማሪ ደብተር ወረቀት ገንጥዬ ጉልበቴ ላይ «በሩ ይከፈት» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ሽብሩ አገላብጠው አዩት።

«ማህተሙስ፣ ልጄ?»

ሮጥኩ። ወዴት? ወደ ቢሮ። ቢሮው የት ነው? ተቃጠለ የተባለው ሕንፃ ውስጥ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፣ መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ማህተሙን መታሁበት፣ እንዳይጨማለቅ እፍ እፍ እያልኩ ወረድኩ።

ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን አነበቡ፣ አጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱ፣ ከዚያ በሩን ከፈቱ።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። በያጆቹ አጨበጨቡልን። ከባለሙያዎቹ አንዱ ወደ እኔ መጣና «ወደሚቃጠል ሕንፃ ተመልሶ የገባ ሰው ሞቷል ብለን ነው የምንይዘው» አለኝ። ስሜን ጠየቀኝና ጻፈ።

ሳቃችሁ? ሳቁ። እስከዚህ ድረስ እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ወይዘሮ ሙሉ መጡ። ሰው ሁሉ እዚያው ቆሞ እያለ «ሮዛ፣ ለጥበቃው ነግረሻል አይደል?» አሉኝ።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። ጋሽ ሽብሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ነበር፣ ሰምተውኛል። አዩኝ። ከዚያ ዞረው የሚገቡትን ልጆች መቁጠር ጀመሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍላቸው» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። ጸሐፊዋ ማን ናት? እኔ ነኛ!

የሰኔዋን ነገር አልረሳችሁም አይደል? ይህቺ ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ ከገባች የሚቀነሱት ጋሽ ሽብሩ ናቸው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ እዚያ በር ላይ የቆሙ ሰውዬ፣ በእኔ ምላስ ሊባረሩ ነው።

ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ብድግ አልኩ። ውሃ ጠጣሁ። ቁጭ አልኩ። «አስቀድሞ የተነገርዎት ቢሆንም» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መለስኳት። ባሏ የታማባት ሴት እንኳ እንደ እኔ አትንቆራጠጥም። በመጨረሻ አተምኩት፣ መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተፈርሞ ነዋ የሚሰጠው።

በሩ ላይ ሄጄ ለጋሽ ሽብሩ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አላወጡም።

«አንቺው አንብቢልኝ» አሉኝ።

አነበብኩ። «አስቀድሞ የተነገርዎት» ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከላይ ጀምሬ ደገምኩ፣ እዚያው ቃል ላይ ድጋሚ ቆምኩ።

ጋሽ ሽብሩ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና አናቱን አዩ።

«ቁጥር የለውም» አሉ። «ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አልቀበልም። ሂጂና አስተካክለሽ አምጪው፣ ልጄ።»

አስተካክዪ ያሉኝ ቁጥሩን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። እግሬ ወደ መዝገብ ቤት ሳይሆን ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሙሉ ቢሮ ወሰደኝ።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ። «ረስቼ ነው። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ አፍሬ ዋሸሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ቁጭ በይ አላሉኝም፣ ደግሞም ቢሉኝ አልችልም ነበር።

«በይ እንግዲህ ደብዳቤውን ለራስሽ ጻፊው» አሉ። «ቁጥር እንዳትረሺ።»

ሰዎች፣ ለራሴ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። «ድርጊትዎ ሠራተኛውን ያሳዘነ በመሆኑ» ብዬ ራሴን አንቱ አልኩ። ቁጥር ሰጠሁት፣ ወይዘሮ ሙሉን አስፈረምኩ፣ ማህተም መታሁበት። መዝገቡ ላይ ሰጪም ተቀባይም ሆኜ ፈረምኩ።

ከዚያ ይዤው በሩ ላይ ሄድኩ። ጋሽ ሽብሩ አሁን መነጽራቸውን አደረጉ። ከቁጥሩ ጀምረው እስከ ማህተሙ ድረስ ቀስ ብለው አነበቡት።

«ጥሩ ደብዳቤ ነው» አሉ። «ለጥበቃ ክፍል ግልባጭ የለውም?»

ተመልሼ ግልባጭ አመጣሁ። ፌስታሉ ውስጥ ገባ። ያ ፌስታል አሁን የእኔን ጉድ ይዞ ይዞራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ሽብሩ» አልኳቸው። እንባዬ መጥቶ ነበር።

«አንቺ እኮ ዛሬ ሞተሻል» አሉኝ፣ በሩን እየዘጉ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ።»

ደብዳቤውን ግሩፑ ላይም ለጠፍኩት። በሁለት ደቂቃ አርባ አውራ ጣት! እስከ መጨረሻው የተነበበልኝ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ነው። መምህር ዳዊት ልብ ጨመረበት።

ሰኔ ላይ ማን እንደሚቀነስ አላውቅም። በእኔ ውሸት ግን አይሆንም። ልምምዱ ዓርብ ይደገማል፣ ነገ ጠዋት መዝገቡን ይዤ እዞራለሁ፣ የመጀመሪያው ፊርማ የሚፈረመው በሩ ላይ ነው።

ታክሲው መጣ መሰለኝ፣ እናትየው ልብሴን እየጎተቱኝ ነው።

እስቲ እናንተም ንገሩኝ፦ በመሥሪያ ቤታችሁ የበሩን ቁልፍ የያዘው ሰው ግሩፑ ውስጥ አለ? ወርዳችሁ ጠይቁት። እኔ ሞቼ ነው ያወቅኩት።